የቂም ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ከብድር እስከ ይቅርታ

የመጀመሪያ የበቀል ታሪኬን ለአንድ ጓደኛዬ አስነበብኩት። ጨርሶ ወረቀቱን አጠፈና «ይቅር ያለችው እሷ ናት ወይስ አንተ?» አለኝ። ታሪኩ አባቷን የገደለውን ሰው ሃያ ዓመት ስለምታሳድድ ሴት ነበር። መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ታገኘዋለች፣ እንባዋ ይመጣል፣ ትምረዋለች። ለምን እንደማረችው እኔም አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ረዝሞብኝ ነበር፤ ደግሞም ደግ ሰው መምሰል ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ታሪኮች ብዙ ጽፌ ብዙ ጥያለሁ። የሚከተለው አሁን የምሠራበት መንገድ ነው። አጭር ልቦለድም ሆነ ድራማ ለምትጽፉ ይሆናችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ቋንቋችሁን አዳምጡት። አማርኛ ውስጥ ቂም ይያዛል፣ ይቋጠራል። መበቀል ብድር መመለስ ነው። ገዳይን መግደል ደም መመለስ ነው። ሰዎች ደም ይቃባሉ፤ ሲታረቁ ደሙ ይደርቃል። ይቅርታ ራሱ «ይቅር» ከሚለው ነው የመጣው፤ ይተው፣ ይለፍ እንደማለት። አብዛኛው የዱቤ ሱቅ ቋንቋ ነው። አበዳሪ አለ፣ ተበዳሪ አለ፣ ቀጠሮ አለ።

ስለዚህ ታሪካችሁን እንደ ባለሱቅ ደብተር ያዙት። ማን ምን አለበት? የሚጠይቀው ማን ነው? እስከ መቼ? ጥላቻ ብቻውን ታሪክ የማይገፋው ደብተር ስለሌለው ነው። ሰውየው ጎረቤቱን ዛሬ ይጠላል፣ ነገም ይጠላል፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ምን ይጻፋል? ቂም ግን ቀን ይቆጥራል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሰዎቹን ለዚህ ጽሑፍ ነው የፈጠርኳቸው። እትዬ በለጥሻቸው የአዲስ አበባ ሴት ናቸው፤ ታሪኩ በሚጀምርበት በ2017 ዓ.ም. 64 ዓመታቸው ነው። በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ታላቅ ወንድማቸው ማታ ከቤት ተወስዶ በማግሥቱ ሬሳው መንገድ ዳር ተገኘ። ለአብዮት ጥበቃዎቹ ቤቱን ያሳየው አንድ የሰፈር ልጅ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ጋሽ ታደሰ ይባላል። ሁለቱም አንድ እድር ውስጥ ናቸው።

1. በደሉን አሳንሱት

ጀማሪ ጸሐፊ በደሉን ያገዝፋል። አንድ ሰው ከሚሞት አምስት፣ ቤት ከሚዘረፍ መንደር ይቃጠላል። አንባቢ ግን በቁጥር አይቆስልም።

በቀይ ሽብር ጊዜ የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። እውነት ነው፣ ዘግናኝም ነው። ነገር ግን አንባቢያችሁ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል። ታሪኩን በዚህ ከከፈታችሁት «አዎ፣ አውቃለሁ» ብሎ ያልፈዋል። እሱ የማያውቀውን ትንሽ ነገር ፈልጉ።

እኔ ይህን አገኘሁ። የእትዬ በለጥሻቸው ወንድም የቤት ስም ነበረው፤ ሕፃን ሳለ ወፍራም ስለነበር እናቱ «ድንቡሼ» ይሉታል። ስሙን የሚያውቁት ቤት ውስጥ ምሳ በልተው የሚያውቁ ብቻ ናቸው። ያን ማታ በሩ ሲንኳኳ ማንም አልተነሳም። ከዚያ አንድ ድምፅ «ድንቡሼ፣ እኔ ነኝ» አለ። በሩን የከፈተችው የ17 ዓመቷ በለጥሻቸው ናት።

በደሉ አሁን አንድ ቃል ሆነ፤ ጥፋተኛም ሁለት ሆነ። የጠራ አለ፣ የከፈተ አለ። ጥሩ የቂም ታሪክ ውስጥ ተበዳዩ ሁልጊዜ ለራሱም የማይነግረው ትንሽ ዕዳ አለበት። ያን ካላገኛችሁ ወደ ሁለተኛው እርምጃ አትለፉ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ይህን ተረት እንደ መልመጃ ተጠቀሙበት። ያንኑ ሌሊት ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ አንዴ በተወጋው፣ አንዴ በወጋው። የተወጋችው የበሩን መወርወሪያ ድምፅ፣ የመብራቱን ማነስ፣ ምጣዱ ላይ የቀረውን እንጀራ ታስታውሳለች። የወጋው ምናልባት የሚያስታውሰው ብርድ እንደነበር ብቻ ነው። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። የታሪካችሁ ጠብ ያለው በመካከላቸው ነው።

2. «ለምን ዛሬ አይሆንም?» ለሚለው መልስ አዘጋጁ

በቀሉ በበደሉ ማግሥት ከተፈጸመ ያገኛችሁት አምባጓሮ ነው። የቂም ታሪክ የሚኖረው በመዘግየት ነው። መዘግየቱ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል፤ በየሃያው ገጽ አዲስ ምክንያት።

የዮሴፍን ታሪክ ከዚህ ዓይን አንብቡት። ወንድሞቹ በሃያ ብር ሲሸጡት 17 ዓመቱ ነበር። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው፣ ከረሃቡ ሁለት ዓመት ሄዶ ነው ማንነቱን የገለጠላቸው። ደምሩት፤ 22 ዓመት ነው። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ መበቀል ቢፈልግም አይችልም፤ ባሪያ ነው፣ እስረኛ ነው። ሲችል ደግሞ ወንድሞቹ የሉም። ሲመጡ ብንያም አብሯቸው የለም። እያንዳንዱ መዘግየት የራሱ ምክንያት አለው፤ አንባቢ «ምን ይጠብቃል?» ብሎ አይሰለችም።

ለእትዬ በለጥሻቸው ትልቁ ጥያቄ ሕግ ነው። ደርግ ወድቋል። በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሟል። የባለሥልጣናቱ ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው። አንባቢ በእርግጠኝነት «ታዲያ ለምን ከሰው አላስፈረዱም?» ይላል። ዝም ብላችሁ ብታልፉት ታሪኩ እዚያው ይሞታል። እኔ እናትየውን አስነሳሁ። ልጃቸው ለምስክርነት ልትሄድ ነጠላዋን ስትለብስ በር ላይ ቆሙና «አንዱን ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም» አሏት። አስማሏት። እናትየው ሲሞቱ መሐላው አበቃ፤ ግን ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

3. ገፊውንና ያዡን አስገቡ

ብቻውን የሚበቀል ሰው ፊልም ላይ ነው ያለው። በእኛ አገር ሰው ለብድር የሚወጣው ተገፍቶ ነው። ገጠር ከሆነ ታሪካችሁ፣ ሽለላና ቀረርቶው አለላችሁ። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን የእናት እንጉርጉሮ ነው፤ ምክንያቱም ማንንም አያዝም። እናት እህል እየለቀመች፣ ለራሷ እያንጎራጎረች፣ ልጁ በር ላይ ተቀምጦ ይሰማል፦

ያባትህ ጠመንጃ ዝጎ ተሰቀለ፣
ወንድ ወልዳ እናትህ ብድሩን ማን ከፈለ።

ይህችን እኔ ነኝ የገጠምኳት፤ ከፈለጋችሁ ውሰዷት። ልጁ ከዚህ በኋላ እንዴት እራቱን ይበላል?

ከተማ ውስጥ ገፊው ስልክ ነው። የእትዬ በለጥሻቸው ታናሽ እህት በሱዳን አድርጋ ወጥታ ዋሽንግተን ትኖራለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። «አሁንም ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ እድር ውስጥ ነሽ?» ትላለች። የውጭዋ ቂም አልደበዘዘም። ሰውየው ሲያረጅ፣ ጥርሱ ሲረግፍ፣ ልጅ ሲቀብር አላየችማ። ለእሷ ዛሬም በር ላይ የቆመው ጎረምሳ ነው። አገር ቤት ያለችው ግን በየወሩ ታየዋለች። ይህ ልዩነት ብቻውን አንድ ታሪክ ይወጣዋል።

ያዡስ? የሚይዝ ሰው ንግግር እንዳያበዛ ተጠንቀቁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ፣ ወጣቶች ተቆጥተው አደባባይ ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩላቸው። በባህሉ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹ ቆሙ። ይህን የሚጽፍ ሰው ሽማግሌውን ሁለት ገጽ ስለ ሰላም ካስወራው ሁሉንም ያበላሸዋል። ሣሩን አሳዩ። የአዛውንቱ ጉልበት አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ አሳዩ። ከኋላ ያለው ወጣት ምን እንደተፈጠረ ሳያይ የፊተኛውን ጀርባ ሲገፋ አሳዩ።

4. ለጠላትየው ቤት ስጡት

ይህን በአጭሩ። ጠላትየው ብቻውን በሆነ ሰዓት የሚያደርገውን አንድ ነገር ካላወቃችሁ ገና ሰው አልሆነላችሁም። ጋሽ ታደሰ ዶሮ ያረባል። ማታ ማታ እየቆጠረ ያስገባቸዋል፤ አንዷ ከጎደለች በባትሪ ሰፈሩን ያስሳል። ይህ ከበደሉ ነጻ አያወጣውም። እንዲያውም በደሉን ያከብደዋል፤ ለዶሮ እንዲህ የሚሆን ሰው ለጓደኛው ምነው? ብሎ አንባቢ ይናደድበታል። ይናደድ።

ደግሞ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ጻፉ። ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን፣ መንደሩን ሙሉ ባለዕዳ ያደረጋችሁ ቀን የጻፋችሁት ቅስቀሳ ነው።

5. አንድ ዕቃ ይኑር

ቂም አይታይም። ስለዚህ የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል። በቁርኣን የዩሱፍ ምዕራፍ ውስጥ ልብሱ የሚሠራውን ሥራ ልብ በሉ። መጀመሪያ የውሸት ደም የተቀባ ቀሚስ ለአባት ይመጣል። መካከል ላይ ከኋላ የተቀደደ ቀሚስ ንጹሕነቱን ይመሰክራል። መጨረሻ ላይ ቀሚሱ አባትየው ፊት ላይ ሲደረግ ዓይናቸው ይበራል። ልብስ አንድ ዓይነት ነው፤ ሥራው ግን ሦስት ጊዜ ይለዋወጣል። ዕቃችሁ በታሪኩ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ትርጉሙ ካልተለወጠ ጌጥ ነው፣ አውጡት።

እትዬ በለጥሻቸው ያን ሳምንት ለወንድማቸው ሹራብ እየሠሩ ነበር። አንድ እጅጌ ይጎድለዋል። መሥሪያ ኪሮሾቹ እንደተሰኩበት ሣጥን ውስጥ አለ፤ 47 ዓመት።

6. አንድ ቦታ ዝጓቸው

አዲስ ጸሐፊዎች ባላንጣዎቹን መንገድ ላይ ያገናኛሉ። መንገድ ላይ ሰው ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። መሄድ የማይቻልበት ቦታ ምረጡ። ለእኔ ከእድር የተሻለ የለም። ጥሩምባው ሲነፋ የጋሽ ታደሰ ሚስት አረፈች ተባለ። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ዋናው ወሬው ነው። እትዬ በለጥሻቸው የሴቶቹ ሰብሳቢ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

እዚህ ላይ ቸኩላችሁ ጠብ አታስነሱ። ሥራውን ጻፉ። ድንኳኑ ይተከላል፣ ችካሉ ኮብልስቶኑ መሐል አልገባ ይላል። ከእድሩ ዕቃ ቤት ትሪው፣ ብርጭቆው፣ ብረት ድስቱ ተቆጥሮ ይወጣል። እንጀራ ከየቤቱ ይመጣል። እትዬ በለጥሻቸው ጭልፋውን ይይዛሉ። ባለፉት ዓመታት በየለቅሶው አንድ ነገር ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ማንም አላወቀባቸውም። ጋሽ ታደሰ የተቀመጠበት ትሪ ወጥ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀዝቅዞ። 47 ዓመት ሙሉ የተመለሰው ብድር ይህ ብቻ ነው። ስሙንም ጠርተው አያውቁም፤ «ሰውዬው» ነው የሚሉት።

ዛሬ ሐዘንተኛው እሱ ነው። ሐዘንተኛ ቀድሞ ይቀርብለታል። ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ነው፣ ወጡ ይንተከተካል፣ ትሪ የያዘች አንዲት ልጅ ፊታቸው ቆማ ትጠብቃለች። አንድ ገጽ እዚህ ቆዩ። ሰይፍ የተመዘዘበት ትዕይንት ከዚህ አይበልጥም።

7. በቀሉ የሚፈጸም ከሆነ፣ በአጭሩ ጨርሱት

አንድ ጊዜ ግድያ በአራት ገጽ ጽፌ ነበር። ጩቤው፣ ደሙ፣ ጩኸቱ፣ ምን ያልጻፍኩት አለ። ያነበቡልኝ ሰዎች ሁሉ ዘለውት ነበር። አሁን አንድ አንቀጽ እሰጠዋለሁ። ገጹን ለማግሥቱ አቆያለሁ። ደም መላሹ ጠዋት ይነሳል። ለዓመታት ሲነሳ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፤ ዛሬ እሱ የለም። ጫካ ይገባል፤ እርሻው ጦም ያድራል። የሟች ልጅ ደግሞ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በር ላይ ተቀምጦ እናቱ ስታንጎራጉር ይሰማል። ደብተሩ ገጹን ገለበጠ።

አንድ የማልወደው ነገር፦ በዳዩን መኪና የሚገጭበት፣ በሽታ የሚጥልበት፣ መብረቅ የሚመታበት መጨረሻ። «እግዚአብሔር ፈረደ» ይባልና ሁሉም ይረካል። በሕይወት ይሆናል፤ በታሪክ ግን የባለታሪኳን ምርጫ ሰርቃችኋል።

8. ይቅርታውን አስከፍሉ

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ተመለስን። ይቅርታ ታሪክ ውስጥ የሚበላሸው በነጻ ስለሚሰጥ ነው። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ይቅር የምትለው ሴት መበቀል ትችላለች ወይ? የማትችል ከሆነ ይቅርታ አላለችም፣ አቅቷት ነው። የተደረገባትን በሙሉ አውቃለች ወይ? ደግሞ ይቅር ስትል ምን ታጣለች?

ዮሴፍን እንደገና እንየው። ወንድሞቹን እንዳያቸው አላቀፋቸውም። ክፉ ቃል ተናገራቸው፣ ሦስት ቀን አሰራቸው፣ ስምዖንን መያዣ አደረገ። ከዚያ በሁለተኛው ጉዞ የብር ጽዋውን በብንያም ስልቻ አስደበቀ። ብዙ ሰው ይህን ጭካኔ ይለዋል። እኔ ድንቅ የታሪክ አሠራር እለዋለሁ። የድሮውን ሁኔታ ራሱን መልሶ ሠራው፤ አባት የሚያበልጠው ትንሽ ወንድም አለ፣ ጥሎት መሄድ ይቻላል። ያን ጊዜ እንሽጠው ያለው ይሁዳ ነበር። አሁንም ወደ ፊት የወጣው ይሁዳ ነው፤ «በልጁ ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» አለ። ዮሴፍ ማልቀሱን መቆጣጠር ያቃተው ከዚህ በኋላ ነው። ይቅርታው ምክንያት አገኘ።

ከዚህ የምወስደው ዘዴ አንድ ነው፦ በደሉ የተፈጸመበትን ሁኔታ ድገሙት። እትዬ በለጥሻቸው ግቢ የሚከራይ አንድ ልጅ አለ። አንድ ማታ ጎረምሶች ሊደበድቡት ፈልገው መጡ። ልጁ ከውኃ ሮቶው ኋላ ተደብቋል። በሩ ላይ የነበረው ዶሮ ፍለጋ የወጣው ጋሽ ታደሰ ነው፤ ልጁ ሲገባ አይቶታል። «የታለ?» አሉት። አንገቱን ይዘው አነቁት። «አላየሁም» አለ። እትዬ በለጥሻቸው በመስኮት ያያሉ። ሰውየው በር ላይ ቆሞ፣ በባትሪው እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ሲዋሽ።

ይህ ብቻውን እርቅ አይደለም። ሽማግሌ ያስፈልጋል። የሽምግልና ትዕይንት ስትጽፉ ሥርዓቱን አትዝለሉት፤ ድራማው እሱ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም። እሺ ሳይባሉ እህል አይቀምሱም። የቤቱ ባለቤት ወንበር ታቀርባለች፣ እነሱ ይቆማሉ፤ ጉልበታቸው ያማል፣ እሷም ታውቃለች። በድሮው ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ድንጋዩን ተጠቀሙበት፤ ክብደቱ፣ ትከሻ ላይ የሚተወው አፈር፣ «አውርድ» የምትለው ቃል እስክትወጣ ያለው ጊዜ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያሉ ያግባቧታል። አትቀበልም። ተረት ሰው ሲያስታርቅ አላየሁም።

በእኔ ታሪክ ውስጥ እትዬ በለጥሻቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ያን ማታ እንዴት ብለህ እንደጠራኸው፣ እንደዚያው አድርገህ ጥራው።» ሽማግሌዎቹ ምን እንደተባለ አልገባቸውም። ጋሽ ታደሰ ግን ገባው። ብዙ ቆየ። ከዚያ በ67 ዓመት ሰው ድምፅ «ድንቡሼ» አለ። ቀጥሎ ያለውን ሁለት ቃል አልጨረሰውም። እሳቸውም ሳያስቡት ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነሥተው ነበር፤ ልክ በር ሊከፍቱ እንደሚነሳ ሰው።

የሚያጡት እዚህ ነው። ለ47 ዓመት በሩን የከፈተው እጅ የማን እንደነበር ሳያነሱ የኖሩት «ሰውዬው» ስለነበረላቸው ነው። እሱን ከማሩ ከራሳቸው ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ።

9. ስታርሙ

«ጥላቻ»፣ «በቀል»፣ «ቂም»፣ «ይቅርታ» የሚሉትን ቃላት በሙሉ ከተራኪው አፍ አውጡ። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ይበሉት፤ ተራኪው ግን አይበል። ታሪኩ ያለ እነሱ ከቆመ ጨርሳችኋል። «ዓይኑ ደም ለበሰ»፣ «ጥርሱን አፋጨ» የሚሉትንም እንዲሁ፤ አንድ ብቻ ይፈቀድላችኋል።

ሹራቡን በተመለከተ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ እትዬ በለጥሻቸው ጨርሰው ለጋሽ ታደሰ እንዲሰጡት አደረግኩ፤ አንብቤው አፈርኩ። ቀጥሎ አስቃጠልኩት፤ ሱፍ ሲቃጠል ይሸታል፣ ከዚያ በቀር ምንም አልሆነም። አሁን ባለው ጽሑፍ የጎረቤት ልጅ ለትምህርት ቤት ኪሮሾ ትጠይቃቸዋለች። ሁለቱን ነቅለው ይሰጧታል። ሹራቡ ካለማያዣ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል፤ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ይተረተራል።

10. ከእርቁ በኋላ አንድ ትዕይንት ጨምሩ

ያዕቆብ ግብፅ ውስጥ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። ያኔ የዮሴፍ ወንድሞች «አሁን ብድሩን ይመልስብን ይሆናል» ብለው ፈሩ። አስቡት፤ ታቅፈው ተላቅሰው፣ 17 ዓመት እህሉን በልተው፣ ገና አላመኑትም። ዮሴፍ ይህን ሲሰማ አለቀሰ።

እኔም አንድ ገጽ ጨመርኩ። ሌላ ለቅሶ ነው፣ ያው ድንኳን። እትዬ በለጥሻቸው ጋሽ ታደሰ ትሪ ላይ ራሳቸው ወጥ ጨለፉ፣ ትኩሱን። አብረውት ያሉት እጃቸውን ሰደዱ። እሱ ቁራሽ እንጀራ ይዞ ቀና ብሎ ያያቸዋል፣ እሳቸው እስኪቀምሱ ይጠብቃል።